ለመቆፈር ከፍዬ ሄድኩ

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። የአርኪኦሎጂ የመስክ ትምህርት ቤት ማለት ተማሪው ገንዘብ ከፍሎ የሚቆፍርበት ቦታ ነው። አዎ፣ ከፍሎ። ደመወዝ የለም፣ አበል የለም፣ የጉልበት ዋጋ የሚባል ነገር አይነሳም። ደብረ ብርሃን ከገባሁ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ስንት ከፈሉሽ?» ብሎ ነው። «እኔ ነኝ የከፈልኩት» ስል ሰዉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያዝንልኛል። መንዝ ያሉት አጎቴ ግን አላዘኑልኝም። «ይኸን ያህል ቁፋሮ ካማረሽ እኔ ዘንድ አትመጪም ነበር? የድንች ማሳው አለ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር አርኪኦሎጂ የሚማር ሰው መስክ ወጥቶ በእጁ ካልቆፈረ ዲግሪው ብቻውን ብዙ አያራምደውም። ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው የት ቆፈርሽ ብሎ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ቡድኖች ትምህርት ሲዘጋ ተማሪ ይወስዳሉ፣ ያስተምራሉ፣ ያስቆፍራሉ፣ ያስከፍላሉ። ክፍያው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ ሌላ። እኔን ድጎማ ነው ያወጣኝ። ያንን ባላገኝ አልሄድም ነበር፣ ይህም ጽሑፍ አይኖርም ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር ሙያውን የደህና ቤት ልጆች ብቻ የሚገቡበት እያደረገው ነው ባይ ነኝ። ለአስተማሪዎቹም ፊት ለፊት ብያቸዋለሁ፣ እነሱም አልካዱም።

የሄድኩት ቤሊዝ ነው፣ የጥንት ማያዎች አገር። ከሜክሲኮ በታች፣ ከጓቲማላ በስተምሥራቅ፣ ካሪቢያን ባሕር ዳር ያለች ትንሽ አገር ናት። እስከ 1981 በእንግሊዝ እጅ ነበረች፣ የመንግሥት ቋንቋዋም እንግሊዝኛ ነው። (የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።)

ማያዎች አንድ መንግሥት አልነበሩም። በየከተማው የራሱ ንጉሥ ያለው፣ አንዴ የሚጋባ አንዴ የሚዋጋ ብዙ ትንንሽ መንግሥት ነው። ገናናው ዘመናቸው ከ250 እስከ 900 ያለው ነው ይባላል። እኔ ዘመኑን በጭንቅላቴ የያዝኩት በአክሱም ነው። ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው የመን የዘመቱት በ525 ገደማ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በ562፣ ቲካል የሚባለው ትልቁ የማያ ከተማ በጦርነት ተሸነፈ። ሁለቱም ወገን በየዘመኑ ሐውልት አቁሟል፣ ሁለቱም ድንጋይ ላይ ጽፏል፣ አንዱ የሌላውን ወሬ እንኳ ሳይሰማ።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ማያዎች በሬ አልነበራቸውም። አህያም፣ ፈረስም፣ በቅሎም። በዚያ በገናናው ዘመናቸው የብረት መሣሪያም አልነበራቸውም። ሹናንቱኒች የምትባል ፍርስራሽ ከተማ ሄደን 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሕንፃ ጫፍ ላይ ወጥቼ ቁልቁል ሳይ የመጣብኝ ሐሳብ ይኸው ነው፦ ይህ ሁሉ ድንጋይ በሰው ጀርባ ነው የመጣው። ይህን ለአክስቴ ሳወራ «ታዲያ እህሉን ወደ ገበያ ማን ያወርደዋል?» አሉኝ። ሰው፣ እትዬ፣ ሰው። ግንባሩ ላይ በሚያርፍ ጠፍር ተሸክሞ።

ያረፍነው ሳን ኢግናሲዮ በምትባል ከተማ ነው። ከከተማዋ በላይ ኮረብታ ላይ ካሃል ፔች የሚባል የማያ ፍርስራሽ አለ። ሰው እዚያ መኖር የጀመረው ከክርስቶስ ልደት 1200 ዓመት ገደማ በፊት ነው። እኛ ግን ቤተ መንግሥቱን አልነካንም። የተሰጠን ራቅ ብሎ ያለ ጉብታ ነው። ቁጥቋጦ የወረሰው፣ ሳይነግሩህ ብታልፍበት የማታውቀው። ተራ ሰዎች የኖሩበት ቤት ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ቅር አላቸው፣ ፒራሚድ ይጠብቁ ነበራ። እኔ ደስ አለኝ። የነገሥታትማ ታሪክ እኛም አገር ሞልቷል፣ ገበሬው ምን ይበላ እንደነበር ነው የማይነገረን።

ጠዋት ገና ሳይሞቅ እንወጣለን። «ሳይሞቅ» ስል ለደብረ ብርሃን ሰው ቀልድ ነው። ጎህ ሳይቀድ እንኳ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። ወሩ ሰኔ ነው፣ እዚያም ዝናብ የሚጀምርበት። ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርዳል፣ ሁላችን ጉድጓዱን በላስቲክ ለመሸፈን እንሯሯጣለን። ትንኝ፣ መዥገር፣ እባብ አለ። እባቡን በተመለከተ ያገሬው ሰው አንድ ምክር ነው ያለው፦ እጅህን የማታየው ቦታ አትክተት። ዛፍ ላይ ዝንጀሮ የሚመስል አውሬ ያጓራል። መጀመሪያ ስሰማው አንበሳ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ከውሻ የማይበልጥ ጦጣ ነው።

የሰኔ ጾም ላይ ነበርኩ። በዚህ በኩል እግዜር ይስጣቸው፣ የአገሩ ምግብ ሩዝና ቦሎቄ በኮኮናት ወተት የተሠራ ነው። ስጋ ያለበት መሆኑን እየጠየቅኩ ጾሜን ያለ ችግር ጨረስኩ።

አሁን ወደ ቁፋሮው። ዶማና አካፋ አለ፣ ግን ተማሪ እጅ ላይ የሚገባው ካዞላ ነው። ግንበኛ ስሚንቶ የሚለጥፍበት ካዞላ፣ አነስ ብሎ ጫፉ የሾለ፣ ጠርዙ በሞረድ የተሳለ። መሬቱ ላይ በካስማና በሲባጎ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ይወጠራል። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ከጥግ ወደ ጥግ ሲለካ 2 ሜትር ከ83 ሳንቲም ከመጣ ነው። ካልመጣ ካስማው ይነቀልና እንደገና። ጥግ ላይ አንድ ቋሚ ነጥብ አለ፣ ከእሱ ላይ ሲባጎ ስበህ፣ መሐሉ ላይ ትንሽዬ ውሃ ልክ ሰቅለህ፣ ጥልቀቱን በሜትር ትለካለህ። ከዚያ መፋቅ። መቆፈር አልልም፣ መፋቅ ነው። በጉልበትህ ተንበርክከህ አፈሩን በስሱ እየፋቅክ ወደ ራስህ ትስባለህ፣ ቀለሙ እስኪለወጥ ወይም አንድ ነገር እስኪያጋጥምህ ድረስ። ቀለሙ ሲለወጥ ቆም። የአፈር ቀለም ናሙና የታተመበት መንሴል የሚባል መጽሐፍ አለ፣ አፈሩን በውሃ አርሰህ ከገጹ ጋር እያስተያየህ ቁጥሩን ትጽፋለህ። ቡናማ ብሎ መጻፍ አይቻልም። የትኛው ቡናማ?

የወጣው አፈር በባልዲ ወደ ወንፊት ይሄዳል። ሁለት ሰው ይዞ ይነፋዋል። ገል፣ አጥንት፣ ቀንድ አውጣ፣ የባልጩት ስንጥር ይለቀማል፣ በከረጢት ይገባል፣ ከረጢቱ ላይ የትኛው ጉድጓድ፣ የትኛው ንብርብር፣ ማን፣ መቼ ተብሎ ይጻፋል። ያ ጽሑፍ ከጠፋ በውስጡ ያለው ዕቃ ቆሻሻ ነው። እያጋነንኩ አይደለም። ገሉን ገበያ ላይም ታገኘዋለህ። ዋጋ ያለው ከየትኛው ወለል በላይ፣ ከየትኛው ወለል በታች እንደነበረ ማወቁ ነው። ማያዎች ቤታቸውን ሲያድሱ ብዙ ጊዜ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አያፈርሱም፣ በላዩ ላይ ይሠራሉ። የኖራ ልስን ወለል፣ ሙሌት፣ እንደገና ልስን፣ እንደገና ሙሌት። ታችኛው ወለል ላይ የተገኘ ገል የአያት ነው፣ የላይኛው የልጅ ልጅ። አንዴ ከተደባለቀ ማንም ሊለየው አይችልም። ያንን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩት ይህንን ለመማር ነው፦ ከማንሳትህ በፊት ጻፍ፣ ለካ፣ ሣል፣ ፎቶ አንሳ። መቆፈርማ አጎቴም ያስተምሩኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ፕሮፌሰር አይደለም። ከእኛ ጋር የሚሠሩ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሽማግሌ ከወጣትነቱ ጀምሮ ቁፋሮ ላይ የዋለ ነው። ካዞላው ልስን ሲነካ ድምፁን ሰምቶ «ወለል ነው፣ ቀስ» ይላል። እኛ ምንም አላየንም። ስንፍቀው እውነትም ወለል። አፈር ብቻ የሚመስለን ቦታ ላይ ጣቱን አድርጎ «ግድግዳው በዚህ ያልፋል» ይላል፣ ያልፋል። ዶክተሮቹ አንድ ነገር ሲጠራጠሩ እሱን ይጠሩታል። የጥናቱ ጽሑፍ ሲወጣ ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች ስማቸው ያለው፣ ካለም፣ መጨረሻ ላይ ምስጋና ውስጥ ነው። ይኼ ነገር ደሜን ያፈላዋል። የእሱ ትምህርት ቤት ውስጥ እኔ ከፍዬ ገብቼ የምስክር ወረቀት ይዤ ወጣሁ፣ እሱ ምንም ወረቀት የለውም።

ምን አገኛችሁ? ወርቅ ነው የምትሉት አይደል? ማያዎች በዚያ ዘመን ወርቅ የላቸውም ማለት ይቻላል። ለእነሱ ክቡሩ ነገር ጄድ የሚባል አረንጓዴ ድንጋይ ነው፣ እሱም የነገሥታት ነው። እኛ ያገኘነው ገል ነው። ብዙ ገል። ከሰዓት ተቀምጠን በጥርስ ብሩሽ እናጥበዋለን። ምላጭ የመሰለ የባልጩት ስንጥርም ነበር፣ ብርሃን ላይ ሲይዙት የሚያሳልፍ ጥቁር። ባልጩቱ እዚያ አገር አይገኝም። ከጓቲማላ ደጋ ነው የሚመጣው፣ በንጥረ ነገሩ ከየትኛው ተራራ እንደተቆረጠ ሳይቀር ይለያል። ያንን የተራ ሰው ቤት ከሩቅ ደጋ ጋር የሚያገናኝ ንግድ ነበር ማለት ነው፣ ያውም በጀርባ ተሸክሞ።

አንድ ቀን ከጎናችን ያለው ጉድጓድ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጣ፣ መሐሉ ተበልቶ የጎደጎደ። አሜሪካኖቹ ልጆች ወንበር ነው፣ ጠረጴዛ ነው ይባባላሉ። ወፍጮ ነው! መጁ የት ሄደ ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው ሳቀ። መጁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ ለሁለት ተሰብሮ። በልጅነቴ አያቴ ቤት ተፈጭቶ ሲበላ አይቻለሁ፣ ፈጭቻለሁም፣ ወገብ እንዴት እንደሚቆርጥ አውቃለሁ። እዚያ ቤት የምትፈጭ ሴት ወገቧን ስትይዝ ታየችኝ።

የምትፈጨው በቆሎ ነው። በቆሎ ማለት የዚያ ምድር ልጅ ነው፣ ሜክሲኮ ውስጥ ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ከዱር ሣር የተላመደ። በቆሎውን ከኖራ ጋር ቀቅለው፣ አጥበው፣ በእርጥቡ ፈጭተው ቂጣ ይጋግራሉ፣ ዛሬም እንዲሁ። በርበሬም ከዚያው ከአሜሪካ ነው የመጣው። ይህን ስነግራቸው ሸዋ ሮቢት ያሉ ዘመዶቼ ተጣሉኝ ማለት ይቻላል። «በርበሬማ የኛ ነው!» የኛ አድርገነዋል፣ አልክድም። ግን ኮሎምበስ በ1492 ከመሻገሩ በፊት በርበሬ የሚባል ነገር በዚህ በኩል አልነበረም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው ኖሩባት፣ ያረፉትም በ1468 ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት። ንጉሡ በርበሬ ሳይቀምሱ ነው ያለፉት።

ስለ ጽሕፈታቸው ባጭሩ። እኛ ቤት የተጻፈ ነገር አልነበረም፣ ተራ ሰው አይጽፍማ። ግን በከተሞቹ ሐውልት ላይ ያለው የማያ ጽሕፈት ከፊሉ ሙሉ ቃል የሚወክል ሥዕል ነው፣ ከፊሉ እንደኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ የያዘ ምልክት ነው። በ1562 ዲዬጎ ዴ ላንዳ የሚባል የስፔን መነኩሴ መጻሕፍታቸውን ሰብስቦ አቃጠለ። ዛሬ ያሉት አራት ብቻ ናቸው። የሚገርመው፣ ፊደላቸው ነው ብሎ ያው ሰውዬ የጻፈው ማስታወሻ በ1952 ዩሪ ክኖሮዞቭ ለሚባል ሩሲያዊ ምሥጢሩን መፍቻ ሆነው።

አሁን የከበደኝን ልንገራችሁ። ማያዎች የቤታቸውን ሰው ሲሞት ከወለሉ ሥር ይቀብሩ ነበር። ይህን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። ካዞላህ ሥር አፈሩ ድንገት ሲላላና የራስ ቅል ሲታይ ግን ሌላ ነው። ሁሉም ሰው ዝም አለ። ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ። እኔ አማተብኩ። ከዚያ በኋላ ካዞላ የለም፣ የቀርከሃ ስንጥርና ብሩሽ ብቻ። አንድ አጥንት ለማጽዳት ግማሽ ቀን። ተለካ፣ ተሣለ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ከዚያ ከአፈሩ ወጣ። ጥርሱ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ በልጅነቱ የጠጣው ውሃ ጥርሱ ላይ በተወው ምልክት የት እንዳደገ ማወቅ ይቻላል። ድንቅ እውቀት ነው። ግን ማን ፈቀደልን? በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማያዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ጠፉ የሚባለው ተረት ነው። የጠፉት ነገሥታቱ ናቸው። ከአስተማሪዎቼ ጋር ብዙ ተከራከርን። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ መንገድ ወይም ሕንፃ የሚያርፍበት ከሆነ ሳይጠፋ ይጠና። አደጋ የሌለበትን መቃብር ግን ተማሪ እንዲለማመድበት መክፈት አልወድም። እነሱ ደግሞ ሌባ ቀድሞ ይከፍተዋል ይላሉ።

ሌባው እውነት ነው። የጉብታው አንድ ጎን ተቦርቡሮ ነበር። የጥንት ዕቃ ሰርቀው ለፈረንጅ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው፣ ጄድና የተሣለ ማሰሮ ሲፈልጉ። የቀረውን ወለል ሁሉ ገነጣጥለውት ነው የሄዱት፣ እዚያ ጋ ታሪኩ ገደል ሆነ።

ያን ቦርቧራ ሳይ የታየኝ አገሬ ነው። መንዝ ውስጥ የድንጋይ ጉብታ ሞልቷል። ልጅ ሆነን ከብት እየጠበቅን እላዩ ላይ እንቀመጥ ነበር፣ ትላልቆቹ «ወርቅ አለበት» ይሉናል። ከእነዚህ ጉብታዎች አንዳንዶቹን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አጥንተዋል። የሻይ ባህል ብለው የሚጠሩት ነው (የሚጠጣው ሻይ አይደለም)፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ሕዝብ፣ ክርስቲያንም እስላምም ያልሆነ፣ ሙቶቹን ከማሰሮና ከባሕር ማዶ ከመጣ የብርጭቆ ዶቃ ጋር የሚቀብር። ወርቅ ፍለጋ የፈረሰው ስንት እንደሆነ ማን ቆጥሮት። ዝቅ ስትሉ ይፋት አለ። ኖራ፣ አስበሪ፣ መሳል የሚባሉ ቦታዎች፦ በድንጋይ የተሠሩ የመስጊድ ግድግዳዎች፣ ቤቶች፣ መቃብሮች፣ የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ናቸው። የወላስማ ሱልጣኖች ከ1285 ጀምሮ የገዙበት አገር። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል መውረድ ነው እንጂ አውሮፕላን አይጠይቅም። የዚህ ከተማ ልጅ አብዛኛው አይቶት አያውቅም፣ እኔም ጭምር ቤሊዝን ቀድሜ ነው ያየሁት።

የምመኘው የመስክ ትምህርት ቤት እዚያ ነው። የአርጎባ ሽማግሌዎች የሚያስተምሩበት፣ የሸዋ ሮቢትና የአንኮበር ተማሪ ሳይከፍል የሚገባበት፣ ፈረንጅ ሲመጣ የሚከፍልበት። ቤሊዝ ውስጥ ዕቃው ሁሉ የመንግሥት ነው፣ ያለ ፈቃድ ካዞላ አይነሳም። እኛም ሕጉ አለን፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት የኛ ነው)። የጎደለው በሲባጎና በካስማ መሬት መወጠር የሚችል ልጅ ነው። አጎቴ ማሳ አጠገብ ያለውን ጉብታ «በይ እንግዲህ ክፈችው» ሲሉኝ አልከፍትም ብዬ በሜትር ለክቼ፣ ሥዬ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ስልኬ የሚያሳየውን የቦታውን ቁጥር (ጂፒኤስ) ጽፌ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ሰጥቻለሁ። አጎቴ እስካሁን አኩርፈዋል። ይህን ለማድረግ መቆፈር አያስፈልግም፣ ማንም ተማሪ ሊማረው ይችላል።

ውጭ ማመልከት ለምትፈልጉ፦ ድጎማ እንዳለ ጠይቁ፣ ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት። የአገሩ ተማሪዎች በነጻ ይገቡ እንደሆነም ጠይቁ፣ ስለ ሰዎቹ ብዙ ይነግራችኋል። እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ያዙ፣ ጥሩ ባርኔጣ። የጉልበት መደገፊያ ግዙ፣ ካልተገኘ ከአሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ ቆርጣችሁ በጨርቅ እሰሩት፣ እኔ የሠራሁት እንደዚያ ነው፣ አሜሪካኖቹ ከገዙት ይሻል ነበር።